በምሕረት ፍሎፒ ላይ ያለው አምስተኛ መስመር

ባለፈው ሳምንት ወደ አረካ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ስልክ ጠራ። ያ ድሮ የቀረው፣ ቀጭን፣ ቲንቲን የሚል ጥሪ ነበር። ሌላው ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን ምሕረት ትዝ አለችኝ፤ ቅናቴም አብሮ ተነሣ።

ምሕረት ሶዶ ውስጥ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። አባቷ ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ኮምፒዩተር ሳሎናቸው ውስጥ እንደ ሙሽራ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር። እናቷ የቀቀሉትን ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ በልተን እጃችንን በሳሙና ሳንታጠብ አጠገቡ ዝር አንልም። ምሕረት ሚዲ የሚባል ፋይል ከፍታ መዝሙር ታቀናብርበታለች፤ በማውስ አንድ በአንድ እየጫነች፣ ቤዙን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ። ሲጫወት ልክ እንደ ሽማግሌው ስልክ ቲንቲን ይላል።

«እዚህ ውስጥ ድምፅ የለም እኮ፣ አልማዝ» አለችኝ አንድ ቀን። «የቱ ቁልፍ መቼ እንደሚነካ ብቻ ነው የተጻፈው። ድምፁን የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ነው።»

ገባኝ፤ ቅናቱም ያኔ ጀመረኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ኪቦርድ ተጫዋች እኔ ነበርኩ፤ ሰውም የሚያውቀኝ በዚያ ብቻ ነው። እሷ ኪቦርድ ሳትነካ ብቻዋን ሙሉ ባንድ ትሆናለች። የኳየሩ መሪ ጋሽ ዳና፣ ምሕረት ለቤተ ክርስቲያናችን ኮንፈረንስ አዲስ መዝሙር እያዘጋጀች መሆኗን ሲሰሙ «እሷ ካለች ምን ጎደለን!» አሉ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

በማግስቱ መዝሙሩን ያስቀመጠችበትን ፍሎፒ ዲስክ ከጠረጴዛዋ አንሥቼ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩና ጋሽ ዳናን ኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ወሰድኳቸው። ከፈትነው። ከበሮው አለ፣ ቤዙ አለ፣ ዜማው ግን የለም። እስኪያልቅ ጠበቅን።

«መዝሙሩ የታለ?» አሉ።

«ችሎታዋ ይኸው ነው» አልኳቸው። ደስታዬን ለመደበቅ መሬት መሬት አየሁ።

ጋሽ ዳናም የለመድነውን እንድንዘምር ወሰኑ። ምሕረት ስትሰማ «ገና አላለቀም ነበር» ብቻ አለች። ፍሎፒውን አልጠየቀችኝም። በዓመቱ አባቷ ተዛውረው ከሶዶ ሄዱ።

ፍሎፒው እኔ ጋ ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ክፍል ውስጥ የሚያነበው አሮጌ ኮምፒዩተር አግኝቼ ከፈትኩት። ያኔ ሰምቼው ነበር እንጂ ውስጡን አላየሁትም። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መስመር አለው፤ መስመሩም ላይ ስም ተጽፏል፦ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ዋሽንት። አምስተኛው ላይ «አልማዝ» ይላል። ባዶ ነው። ዜማውን በኪቦርዴ እንድጫወተው የተወችልኝ ቦታ ነበር።

ዛሬም እቀናባታለሁ። ያን ዜማ እሷ ታውቀዋለች፤ እኔ አላውቀውም።