የአጭር መንገድ ሹፌር

ማጀቴም መንገድ ሆኖ፣ እኔም ሹፌር ተብዬ! ወላሂ ስሙን ስጠራው ራሱ ቋቅ ይለኛል። እኔ አብዱልሰመድ ከሃያ ዓመት በላይ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ይዤ ጅቡቲ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን አልፌ፣ ጋላፊ ላይ ድንበር ተሻግሬ የወደቡን ውሃ እስካይ ድረስ ቀናት የሚፈጅ ነበር የኔ መንገድ። ዛሬ ደግሞ ይኸውና ሸዋ ሮቢት ማጀቴ፣ ማጀቴ ሸዋ ሮቢት እያልኩ፣ በሽንኩርትና በላብ የገማ ሚኒባስ ውስጥ ተወትፌ እውላለሁ። ሞተሩ ሞቀ፣ አሁንስ ሊነዳ ነው ስል፣ "ወራጅ አለ!" ይሉኛል።

ይቺ ቃል ናት የገደለችኝ። አንዱ ይወርዳል። አብሮት መውረድ የሚችለው ጎረቤቱ ዝም ብሎ ይቀመጥና፣ ገና ሦስተኛ ማርሽ ሳላስገባ እሱም "ወራጅ!" ይላል። አንተ ሰውዬ፣ ከጎረቤትህ ጋር ብትወርድ ምን አለበት? እግርህ ይሰበራል? "ከፍዬ የለም እንዴ ጋሼ፣ በሬ ላይ አድርሰኝ እንጂ!" ይለኛል። በሩ! ቤተ መንግሥት ያለው ነው የሚመስለው። ደግሞ የማሾ ጆንያውን ከእግሬ ሥር ሊያስገባ ይታገላል። ፍሬን የምረግጠው በጆንያው ላይ ነው እንዴ? ረዳቴ ሙሀሲን የኔ እኩያ ነው፤ ጫቱን በጉንጩ ወጥሮ፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሰው ነን እኮ!" እያለ ለአራት ሰው በሚበቃው ወንበር አምስት ይጠቀጥቃል። ከካራቆሬ ወዲያ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ደግሞ ከኋላ አንዷ ማስመለስ ትጀምራለች። መስኮት ክፈቱ ስል አቧራው ገባብን ይላሉ። ዝጉ ስል ሙቀቱ ሊገድለን ነው ይላሉ። ኤጭ! እኔ ሲሚንቶና ብረት ነበር የምጭነው። ሲሚንቶ አያስመልሰውም፣ ውረድ ሲሉት ይወርዳል፣ ጫን ሲሉት ይጫናል።

ከጅቡቲው መንገድ ያወረደኝ ወገቤ ነው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶዬን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየና "አከርካሪህ ነርቭህን ተጭኖታል። ረጅም መንገድ መንዳትህን ካላቆምክ አንድ ቀን እግርህ አልታዘዝም ይልሃል" አለኝ። አቆምኩ። የሰፈር ሰው ይህን ሚኒባስ አገናኘኝ፤ ሁሉም "እሰይ፣ አሁን ከልጅህ ጋር ልትኖር ነው" አለኝ። እኔም አሜን አልኩ። አሜን ያልኩበትን ቀን ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል።

የረጅም መንገድ ክብሩን ያልቀመሰ ሰው አይገባውም። ሚሌ ላይ ሹፌሮች መኪናችንን ደርድረን፣ በተሳቢው ጥላ ምንጣፍ አንጥፈን ስንሰግድ፣ በዕድሜም በአገልግሎትም አንጋፋው እኔ ስለሆንኩ፣ አሰግደን ብለው ወደፊት የሚገፉት እኔን ነበር። ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ በሃይማኖታችን ሩቅ የሚሄድ መንገደኛ ሶላቱን እንዲያሳጥር ተፈቅዶለታል። አራት ረከዓ፣ አራት ዙር ማለት ነው፣ የሚሰገደውን ሁለት አድርጎ ያበቃል። ከኋላው የአገሬው ሰው ተሰልፎ ከሆነ ግን፣ ያ የአገሬው ሰው ተነስቶ የቀረውን ሁለት ይሞላል። ሚሌ ላይ የሻይ ቤቱ ሰዎችና እዚያው የሚውሉ የአፋር ሽማግሌዎች ከኋላችን ይቆማሉ። እኔ ሁለት ሰግጄ፣ በመዝጊያው ሰላምታ ቀኝና ግራ አሰላምትና፣ ፊቴን ወደነሱ መለስ አድርጌ "እናንተ ሙሉ፣ እኛ መንገደኞች ነን" እላለሁ። ይነሳሉ፣ ይሞላሉ። እኔ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። አስተግፊሩላህ፣ በሶላት አይኮራም፤ ግን "እኛ መንገደኞች ነን" ስል ደረቴ ይነፋ ነበር።

አገር ቤት ስመለስ መስጊድ ሄጄ ከኢማሙ ኋላ ከሰው ጋር አራት እሰግዳለሁ። ፊት ቆሜ ያሰገድኩት ግን ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ፊት ቆሜ አራት ሰግጄ አላውቅም። አሁን እንግዲህ መንገዱ ሲያጥርብኝ ሶላቱ ረዘመብኝ። ማጀቴ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ማን ያሳጥርለታል? የጣርማ በርን ተራራ እንኳ ዓይኔ እያየው አልወጣውም። ከፊቴ ተገትሮ የሚያሾፍብኝ ነው የሚመስለኝ።

ቤቱስ? ቤቱ የባሰ ነው። ድሮ የመኪናዬ ጥሩምባ ከአስፋልቱ ሲሰማ ሚስቴ ሙሀባ አንሶላ ትቀይራለች። ልጄ ሪሀና በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዶሮ ይታረዳል። እኔም ባዶ እጄን አልመጣም፤ የዱቄት ወተቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሽቶው ከጋቢናው ይወርዳል። ተከብሬ፣ ተኝቼ፣ ተመርቄ እሄዳለሁ። አሁን ግን ማታ ማታ እመጣለሁ። ሪሀና ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል "መጣህ አባ?" ትለኛለች። አይ፣ አልመጣሁም፣ ጂኒዬ ነው የመጣው! ሙሀባ ከጎረቤታችን ከአሲያ ጋር ስትሳሳቅ ቆይታ እኔ ስገባ ሁለቱም ጸጥ ይላሉ፤ አሲያ ሻርፗን አስተካክላ "በሉ እኔ ልሂድ" ብላ ትወጣለች። ምን አደረግኳት? የገዛ ቤቴ ውስጥ ወሬ የማቋርጥ ሰው ሆንኩ።

"ፎጣው የት ነው?" ስል ሙሀባ "ሁልጊዜ ያለበት ነዋ!" ትለኛለች። ሁልጊዜ ያለበትን ሁልጊዜ ያልኖረ ሰው እንዴት ይወቀው? አንጀቴ ያርራል። ነገሩን ሁሉ እጠላዋለሁ፤ ሽሮውን፣ የቆርቆሮውን ሙቀት፣ የባጃጁን ጩኸት፣ በየትኛው በኩል እንደምተኛ ያልለየሁበትን አልጋ። የልብስ ሻንጣዬ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሙሀባ "ልብሱን አውጥቼ ቁም ሳጥን ላስገባው?" ብላኝ ነበር። "ተይው" አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

እንዲህ አንገሽግሾኝ ሳለ ነው ዮናስ የደወለው። ዮናስ የከባድ መኪና ባለቤት ነው፤ ድሮም ለሱ ነድቻለሁ። "አብዱልሰመድ፣ አዲስ መኪና ገብቶልኛል። ወንበሩን ብታየው ሶፋ ነው፣ ወገብህን አይነካህም። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ና፣ ቁልፉን ልስጥህ" አለኝ። የሐኪሙ ንግግር ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። እግርህ አልታዘዝም ይልሃል። ይበለኝ! ማጀቴ እየተመላለስኩ ከመበስበስ አይሻልም? "ኢንሻአላህ፣ እመጣለሁ" አልኩት።

ለሙሀባ አልነገርኳትም። ብነግራት አትሂድ ብላ ትለምነኛለች ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ደግሞ፣ ባትለምነኝስ ብዬም ፈራሁ። ይህንን ነው ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ይዤ የዞርኩት።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ዘነበች የሚባሉ የጀውሃ ሴት ከኋላዬ ተቀመጡ። እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች ታቅፈዋል። ከከተማ ስንወጣ ጀምሮ ልቤ የለም። ጋላፊ ነኝ። የጥዋት ንፋስ በጋቢናው መስኮት ይገባል፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፣ ከፊቴ ማንም የለም፣ ወራጅ የሚል የለም። መሪውን ይዤ ዝም ብዬ ነዳሁ። ለካ ሴትዮዋ "ወራጅ! ኧረ ወራጅ!" ሲሉ፣ ሙሀሲን ጣራውን ሲደበድብ፣ ሰው ሁሉ ሲንጫጫ፣ ጀውሃን ጥዬ አልፌ ቀጣዩ ከተማ ሰንበቴ ልደርስ ነው። የነቃሁት ዶሮዋ ማጅራቴ ላይ ስትወጣ ነው። ሆን ብለው ይልቀቋት፣ አምልጣቸው ይሁን እንጃ። ወጣችና ኩሷን በአንገቴ ላይ ለቀቀችብኝ። ትኩስ ነው። በሸሚዜ ውስጥ ወደ ጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። ያ ረቢ! ለዚህ ነው የኖርኩት?

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። እትዬ ዘነበች ዶሯቸውን ከትከሻዬ እያነሱ "ልጄ፣ እኔ ጀውሃ ነው ያልኩህ። አንተ ወዴት እየሄድክ ነው?" አሉኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ሐሳብ ይዞኝ ነው" አልኳቸው።

"እና ሐሳብህ የት ነው የሚወርደው?" አሉኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሙሀሲን ሳይቀር ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን መኪናውን አዙሬ ጀውሃ መለስኳቸው። ከዚያ ወደ ማጀቴ ስንቀጥል ደግሞ ያ ሲስቅ የነበረው ተሳፋሪ "አረፈደብን፣ ሹፌሩ አብዷል" እያለ ሲሰድበኝ ደረስኩ። ተመልሼ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ተራ አስከባሪው ጋ ደርሷል። "ለዛሬ ከተራ ውጪ ነህ፣ ሂድና ተኛ" አለኝ፣ ልክ እንደ ሰካራም። ቁልፉን ለሙሀሲን ወርውሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሙሀባ ሸሚዜን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወሰደችው። ምን ሆንክ አላለችኝም። ታጠብኩ፣ ሌላ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ለሶላት እጅና ፊቴን ታጥቤ ውዱእ አደረግኩ። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት አዛን ሲል ሪሀና ምንጣፉን ይዛ መጣች። ስልኳን አስቀምጣለች። "አባ፣ አንድ ቀን እንኳ አሰግደኸን አታውቅም። ዛሬ ካለህ አሰግደን" አለችኝ። እውነትም አሰግጄያቸው አላውቅም። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። ፊት ቆምኩ። ሙሀባና ሪሀና ከኋላዬ ተሰለፉ።

ግንባሬ ምንጣፍ ሲነካ ልቤ ሄደብኝ። ቅዳሜን አሰብኩ፣ ሶፋ የመሰለውን ወንበር አሰብኩ፣ የወደቡ ንፋስ ሸተተኝ። ሁለተኛው ረከዓ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ቀኝ አሰላመትኩ፣ ወደ ግራ አሰላመትኩ። ፊቴን መለስ አደረግኩና "እናንተ ሙሉ፣ እኛ መንገደኞች ነን" አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሪሀና እንደተቀመጠች ቀረች፤ ግራ ገባት። ሙሀባ ግን ብድግ አለች። ምንም አልደነገጠችም። ልጅቷም እናቷን አይታ ተነሳች። የገዛ ሚስቴና የገዛ ልጄ፣ እንደ ሚሌ የሻይ ቤት ሰዎች፣ ከኋላዬ ቆመው የቀራቸውን ሞሉ። እኔ በገዛ ቤቴ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ከዚያ የዶሮ ኩስ ይልቅ የገዛ ራሴ ቀፈፈኝ።

ሙሀባ አሰላምታ ስትጨርስ ጉልበቷን እንዳጠፈች "መቼ ነው የምትነሳው?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"አንተ ነሃ! አሁን ከፊታችን ቁጭ ብለህ።"

እሷ ቀጠለች፤ "ለመሆኑ ሰው ገና ከከተማው ሳይወጣ ያሳጥራል እንዴ? ሽርጥህን አጥቤ ሻንጣህ ውስጥ ከትቼዋለሁ። በስልክ ስታወራ ሰምቼሃለሁ። እዚያ ሙቀት ነው።"

"አትሂድ አትዪኝም?" አልኳት። ድምፄ ራሱ አስጠላኝ።

"እኛን ‘እናንተ’ ካልከን በኋላ እኔ ምን ልበልህ?" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሪሀና አንገቷን ደፍታ የምንጣፉን ክር ትነቅላለች፤ እንባዋ እጇ ላይ ጠብ ሲል አየሁት። ድሮ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ሳቋን እንጂ እንባዋን አላውቅም። ስሄድ ታለቅስ እንደነበር እንኳ አላውቅም። መኪናው ውስጥ ነበርኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ።

ስልኬን አወጣሁና እዚያው ዮናስ ጋ ደወልኩ። "ሌላ ሹፌር ፈልግ" አልኩት።

"ምነው፣ ወገብህ ባሰብህ?"

"ወገቤ ደህና ነው" ብዬ ዘጋሁት።

ሙሀባ ታየኛለች። ደስ ያላት አትመስልም፤ ያመነችኝም አትመስልም። እኔም ደስ አላለኝም። ነገ ያው ነው። ያው ሽንኩርት፣ ያው ጆንያ፣ ያው ወራጅ፣ እትዬ ዘነበችም ከነዶሯቸው። ገና ሳስበው ቋቅ አለኝ። "በይ እንግዲህ፣ ነገም ማጀቴ ነኝ" አልኳት፣ ፊቴን አጨማድጄ።

ተነሳች። ከበሩ ጀርባ ሄዳ ሻንጣውን አወረደችና ቁም ሳጥኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ተመልሳ ከፊቴ የተጨማደደውን ምንጣፍ ጎትታ አስተካከለችና፣

"እንግዲያው ተነስና አራት ስገድ" አለችኝ።