ዋርካው ላይ ያልተሰቀለው ገመድ

ስልኩ ሲጠራ መርሳ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ወፍጮው ስለሚጮህ ወደ ደጅ ወጣሁ። የደወለው ጁነይድ ነው፤ ባለቤቴ ኢስሐቅ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ካስተማራቸው ወጣቶች አንዱ። ውርጌሳ አጠገብ አብረው እየሠሩ ነበር።

«እትዬ ገነት፣ ጋሼ ወድቀዋል» አለኝ። «ገመዱ ተበጠሰ።»

መውደቁን ሰማሁ፤ ገመዱን ግን አላመንኩም። አፈር ተናደበት ቢለኝ፣ አየር አጠረው ቢለኝ ይገባኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ስፈራ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ኢስሐቅን ገመድ ይጥለዋል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። «የማን ገመድ?» አልኩት። ጁነይድ የጠየቅሁትን ትቶ ወደ ቤት እንድሄድ፣ ሰዎችም ወደዚያው እየመጡ እንደሆነ ነገረኝ። ያኔ መሞቱ ገባኝ። እህሌን ማን እንዳስፈጨልኝ እስካሁን አላውቅም፤ በማግስቱ ዱቄቱ ጓዳ ተቀምጦ አየሁት።

ኢስሐቅ የሲሪንቃ ልጅ ነው። ቁፋሮ የተማረው ከአጎቱ ሲሆን፣ አጎቱ አካፋ ከማስያዙ በፊት ያስተማረው ገመድ መዳበስ ነበር። አዲስ ገመድ ሲመጣ ኢስሐቅ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ በባዶ እጁ ያሳልፈዋል። ከዚያ ደጃችን ያለው ዋርካ ላይ ያስረውና ከሁለት ሠልጣኝ ልጆች ጋር ይንጠለጠልበታል። ልጆቹ ይስቁበታል፤ ጋሼ ገመዷን ሊያጯት ነው፣ ሽማግሌ እንላክ ወይ ይላሉ። እሱ ዓይኑን ሳይገልጥ «ሽማግሌው ዋርካው ነው፤ እሱን ጠይቁ» ይላቸዋል።

ሠልጣኞቹ ሲጨርሱ ወልድያ ወደ ብርሃኑ ሱቅ ይወስዳቸው ነበር። ብርሃኑ ገመድ፣ የራስ ቆብና ቦት ጫማ ይሸጣል። ብቻውን የመጣ ቆፋሪ እንደማንኛውም ሰው ይከፍላል፤ ኢስሐቅን ተከትሎ የመጣ በቅናሽ ይገዛል። ብርሃኑ ደንበኛ ያገኛል፤ ኢስሐቅም በየመስቀሉ አንድ ስጦታ አይቀርበትም፤ አንድ ዓመት ጫማ፣ ሌላ ዓመት የእጅ ባትሪ። ሰው ኮሚሽን ይበላል እያለ ያማው ነበር። እሱ ግን የተሰጠውን ጫማ ተጫምቶ ገበያ መሐል ይሄዳል። በኋላ ብርሃኑ ልጃችንን ሚኪያስን ክርስትና አነሳልንና አበልጅ ሆንን። ከዚያ ወዲህ ሠልጣኞቹን ይዞ መሄዱም ቀረ፤ «ኢስሐቅ ልኮኝ ነው» ማለት በቃ።

ባለፈው መስቀል ብርሃኑ አንድ ጥቅል ሰማያዊ ገመድ ተሸክሞ ቤታችን ድረስ መጣ። ሲሄድ ኢስሐቅ ገመዱን አንስቶ ወደ ዋርካው አመራ። ያስቆምኩት እኔ ነኝ።

«አበልጅ በእጁ ያመጣው ስጦታ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይፈተናል እንዴ? ቢሰማስ ምን ይለናል?»

ገመዱን ከትከሻው አወረደ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ጠቅልሎ አስቀመጠው።

ከቀብሩ በኋላ ጁነይድ የተበጠሰውን የዚያን የሰማያዊ ገመድ ጫፍ አመጣልኝ። ላዩ አዲስ ነው፤ ጠንካራ። ውስጡ ግን ቁርጥራጭ ነው፣ ጫፍ ለጫፍ ተገጣጥሞ የተሸፈነ። ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ አሳለፍኩት። መገጣጠሚያው ላይ ስደርስ ጣቴ ሥር ስርጉድ አለ። ገመድ ነክቼ የማላውቀው ሴትዮ ጉድለቱን በአንድ ጊዜ አገኘሁት።

ጁነይድ መሬት መሬት እያየ የእሱም ገመድ ከዚያው ከብርሃኑ ሱቅ እንደተገዛ ነገረኝ። ጋሼ የራሳቸውን ዋርካው ላይ እንዳልሰቀሉ ስላዩ እሱና ጓደኞቹም መፈተኑን ትተውት ነበር። «እሳቸው ያመኑትን እኛ ማን ነንና እንፈትናለን?» አለኝ።

ብርሃኑ ሦስቱንም ቀን ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። በሦስተኛው ቀን ጫፉን ፊቱ አኖርኩለት። ገልበጥ አድርጎ አየው። ከአንድ መንገደኛ ነጋዴ ሃያ ጥቅል እንደገዛ፣ ውስጡን እንዳላወቀ ነገረኝ። አመንኩት። ሌሎቹን እነማን እንደወሰዱ ጠየቅሁት።

«የኢስሐቅ ልጆች።»

«ስማቸውን ንገረኝ።»

«ስም መቼ ጠይቄ አውቃለሁ፣ አበልጄ? ኢስሐቅ ልኮኝ ነው ካሉ በቅናሽ እሰጣለሁ። የእሱ ስም ይበቃኝ ነበር።»

ጁነይድም ከጎኔ ሆኖ፣ ጋሼን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ቆፋሪዎች ጭምር ለቅናሹ ብለው በስማቸው ይገዙ እንደነበር ተናገረ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ካገኘኝ ድንጋጤ ይልቅ ይኼኛው ባሰብኝ። ባሌ ሞቷል፤ ስሙን ይዘው የማናውቃቸው ሰዎች ጉድጓድ እየወረዱ ነው።

ሰባት ሳይሞላው ከለቅሶ ቤት ወጣሁ። አክስቴ ሰው ምን ይላል አለችኝ፤ የሚለውን ይበል አልኳት። ጁነይድና እኔ በባጃጅ የሀብሩን ወረዳ ዞርን። ብርሃኑም ሱቁን ዘግቶ በወልድያ በኩል ፈለገ። ያገኘነውን ቆርጠን አቃጠልን። መርሳ ዳር አንዱ ጎረምሳ እንጀራዬ ነው፣ አልሰጥም ብሎ ታገለን። ጁነይድ ሁለት ጆንያ አሸዋ አስሮ ዛፍ ላይ ሰቀለለት። እስከ ሦስት ሳንቆጥር ተበጠሰ። ልጁ መሬት ላይ ቁጭ አለና፣ ዛሬ ጧት አሥራ አምስት ሜትር ወርጄበት ነበር አለን።

ከሃያው ጥቅል የኢስሐቅን ጨምሮ አሥራ ሦስቱን አግኝተናል። ክረምት ሳይገባ ለመጨረስ ቆፋሪው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። የቀሩት ሰባት ገመዶች በማን እጅ እንዳሉ አናውቅም።