ድሮኑን ከሰዓት በኋላ እንየው

የሚገዛው ሌላ ሰው ሆኖ፣ «ግዛው» ወይም «ተወው» የምትለዋ ቃል ግን ከእናንተ አፍ የምትጠበቅበት ጊዜ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ዕቃው ወንበር ወይም ጠረጴዛ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅሁ፤ በሰርገኛ አናት ላይ የሚበር ድሮን ነበር።

ጭሮ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተመድቤ ስመጣ መጀመሪያ የተወዳጀሁት ከባጃጆቹ መቆሚያ ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ካለው ሰው ጋር ነው። አባቱ የሰንጋ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ግን ከበሬ ይልቅ ካሜራ ይወዳል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሰርግ የሚደግስ ሁሉ «ከላይም ታነሳለህ?» ይለዋል። «አላነሳም» ካለ ሥራው ወደ ድሬዳዋ ልጆች ይሄድበታል። ስለዚህ ሂርና ያለ አንድ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ሙያውን ሊተው፣ ድሮኑንም ሊሸጥ መሆኑን ሲሰማ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ።

«ቲቸር፣ አንተ ካየኸው ይበቃኛል።»

«እኔ እኮ ድሮን በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

«ታዲያ የሚያበረው ፊዚክስ አይደለም እንዴ?»

ፊዚክስ መሆኑ ነው ያስጨነቀኝ። መኪና ቢበላሽ መንገድ ዳር ይቆማል። አሞራ ክንፉን ማርገብገብ ቢተው እንኳ አየሩ ላይ ተንሳፍፎ ይወርዳል። አራት ክንፍ የሚያሽከረክር ድሮን ግን በአየር ላይ የሚቆየው ኃይል እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። ኃይሉ ከተቋረጠ ድንጋይ ነው። በዚያ ላይ ጓደኛዬ ድሮኑን ገና ሳይገዛ በሚቀጥለው ሳምንት ሂርና ለሚደገስ ሰርግ ቃል ገብቷል። ሕፃናት ደግሞ ድሮን ሲያዩ አይሸሹም፤ ከሥር ከሥሩ ይሮጣሉ። ሌሊቱን እነዚያ ሕፃናት በሕልሜ ሲሮጡ አደሩ።

ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ሂርና ደረስን። ሻጩ በሱቁ በር ላይ ተቀበለን፤ ለስላሳ ንግግር ያለው፣ ዕቃውን በንጹሕ ጨርቅ የሚጠቀልል ሰው ነው። ከሁሉ በፊት የማብረሪያ ፈቃዱን አሳየን፤ ለከተማው የጸጥታ ሰዎችም የሙከራውን ነገር አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ይህን በማድረጉ ወደድኩት፤ ድሮን የሚለው ቃል ዛሬ በሰው ጆሮ ቀላል ቃል አይደለምና።

ከከተማው ዳር ወዳለው ሜዳ ወጥተን አበረረው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ድሮኑ በክር የተንጠለጠለ ይመስል አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጓደኛዬ ፊቱ በራ። እኔ ግን ሲያርፍ ክንፎቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ያዝኩ።

«ይቺኛዋ ከሌሎቹ ትነጣለች» አልኩ።

«የድሮዋ ተጭራ ቀየርኳት። ወላሂ፣ ወድቆ አያውቅም።»

«ለምን ተጫረች?»

«አቦ፣ ቲቸር! የሙሽራ አጎት ነው የነካት። ይምጣና ይመስክር?»

ጓደኛዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ በዚያች ነጭ ክንፍ ላይ እንደ ፈተና ወረቀት ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። ልቤ አላርፍ ሲል ጊዜ ነው ጓደኛዬ የአባቱን ነገር ያነሳው።

«አባቴ በሬ በጠዋት አይገዙም» አለ። «ሻጮቹ ወይፈኑን ጨው አልሰው ውኃ ያጠጡትና ሆዱን ነፍተው ገበያ ያመጡታል። አባቴ ግን ‹ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ› ብለው ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ውኃው ወጥቶለት በሬው እውነተኛው በሬ ይሆናል።»

«የኔን ድሮን ከበሬ ጋር?» ሻጩ ቅር አለው።

«ጨው አልሰኸዋል አላልኩም እኮ።»

ነገሩ ለእኔ ግን መብራት ሆነልኝ። ከቻርጅ እንደወጣ፣ በጸጥታ አየር ላይ፣ ደካማ ባትሪም ብርቱ መስሎ ይታያል። ነፋስ ሲገፋው ነው ሞተሩ ብዙ የሚጠይቀው፤ ሲጠየቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። «እንደገና ሞልተህ ከሶኬቱ ነቅለህ አስቀምጠው፤ ከሰዓት በኋላ እንየው» አልኩት። «ይሁን፣ ዙህር ሰግጄ» አለ ሻጩ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሸለቆው ተነሳ፤ ባሕር ዛፎቹ ጎበጡ። ድሮኑ ወጣ፣ ተንገዳገደ፣ ተስተካከለ። ሻጩ ሪሞቱ ላይ ያለውን የባትሪ ቁጥር እያየ «በቂ ነው፣ በቂ ነው» ይላል። ድንገት ሪሞቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከግማሽ በላይ የነበረው ቁጥር ቀይ ሆኗል፤ ሪሞቱም ይጮኻል። ድሮኑ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ መውረድ ጀመረ፤ ነፋሱ ደግሞ ወደ አትክልት ገበያው ጥግ እየገፋው ነው።

ሮጥን። ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ብደርስ ምን ላደርግ ነበር? ሻጩ ከኋላችን እየመጣ በሁለት አውራ ጣቶቹ ይታገለዋል። ድሮኑ ድንች ከሚሸጡት ሴቶች የላስቲክ ጥላ በላይ አለፈና የታጨደ የማሽላ ማሳ ውስጥ ዘጭ አለ።

አንዲት ድንች ሻጭ እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ይሄ ነገር የናንተ ነው?» አሉን።

«የሰርግ ነው እማ፣ አይዞዎት» አለ ጓደኛዬ።

«የሰርግ ከሆነ ለምን ሳይዘፍን ይመጣል?»

ሱቁ ስንመለስ ባትሪውን ከውስጡ ለማውጣት ታገልን። የሚሞላው ድሮኑ ውስጥ እንዳለ ነው፤ እኔም ጠዋት ዓይኔ ክንፍ ላይ ስለነበር አላወጣሁትም ነበር። ተጣብቆ በግድ ወጣ። የመስታወት ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁትና ጫፉን በጣቴ ገፋ አደረግሁት። እንደ እንዝርት ዞረ። ጠፍጣፋ ነገር መስታወት ላይ እንዲህ አይዞርም፤ ሆዱ ያበጠ ግን በሆዱ ይሽከረከራል።

ሻጩ ፊቱ ተለወጠ። «ወላሂ፣ እንዳይጎዳ ነበር የምሞላው» አለ። «በረመዳን ሰርግ የለም። መብራት በመጣ ቁጥር እሰካዋለሁ፤ ለኢድ ማግስት ዝግጁ እንዲሆን ወሩን ሙሉ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።»

አመንኩት። መብራት በሚሄድበት አገር ሁላችንም እንዲህ ነን፤ ሲመጣ እንሰካለን፣ ሙሉ ሆኖ ማደሩን እንደ በረከት እንቆጥራለን። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ግን ሥራ ሳይኖረው ሙሉ ሆኖ ሲከርም ውስጡ ይታመማል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ አካባቢ ላይ ነው መተው ያለበት። ድሮኑን ያደከመው ቸልተኝነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነበር።

«ቲቸር?» አለ ጓደኛዬ። ያቺን ቃል እየጠበቀ ነበር።

«በዚህ ባትሪ፣ አይሆንም።»

ጓደኛዬ ስልኩን አወጣ። ወደ ውጭ ወጥቶ ለሙሽራው አባት ደወለ፤ ከላይ እንደማያነሳ ነግሮ፣ ሌላ ሰው ቢፈልጉም ቅር እንደማይለው ጨመረ። ሲመለስ ግማሽ እየሳቀ ነበር። «‹ከላይ የሚያየን አላህ ይበቃናል፤ አንተ ከታች አንሳን› አሉኝ።»

ሻጩ አዲስ ባትሪ አስመጣ። ዳግመኛ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው ነፋስ አየነው፤ ተገዛ፤ ጓደኛዬም ፈቃዱ በስሙ እስኪወጣለት አንድም ቀን አላበረረውም። አሁን ሰርግ ስጠራ ሙሽራዋን አላያትም፤ አንጋጥጬ ድሮኑን ነው የማየው።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ቤታችሁ ያለውን የሚወልቅ ባትሪ፣ የካሜራም ሆነ የድሮ ስልክ፣ መስታወት ላይ አስተኝታችሁ ጫፉን ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ከዞረ ዳግመኛ አትሰኩት። ያገለገለ ዕቃ ልትገዙ ከሄዳችሁም ሻጩን አትቆጡት፤ ሻይ ጠጡና «ከሰዓት በኋላ እንየው» በሉት።