ፎቶ ያልተነሣ ሂና

ገዳሪፍ በምኖርበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል አጠገብ አንዲት ሂና ሠሪ ነበረች። ሱዳኖች እንዲህ ያለችውን ሴት «ሐናና» ይሏታል፤ በሙሽራ እጅና እግር ላይ በሂና ሐረግና አበባ የምትሥል ማለት ነው። እሷ ግን ሐረግም አበባም አትሥልም። ታዲያ ምንድን ነው የምትሥዪው ብዬ ስጠይቃት አንድም ቀን ቀጥ ያለ መልስ ሰጥታኝ አታውቅም።

«አንቺ መጽሐፍሽን አንብቢ» ትለኛለች። «ያንቺው ቢያልቅም እዚያው መደርደሪያሽ ላይ ነው። የእኔ ታጥቦ የሚሄድ ነገር ነው፤ ምን ያደርግልሻል?»

በልጅነቷ ታናሽ እህቷን አዝላ ከመተማ የተሻገረች ናት። ባል ሲመጣላት «ለእህቴ አባት አልፈልግላትም» ብላ ትመልሳለች። ሥራ ሲበዛባት በሯን ዘግታ ትተኛለች። አንዲት የሰሊጥ ነጋዴ ልጅ ስልኳን ዘርግታ «ልክ ይህን ሥሪልኝ» ስትላት በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

«እሱን የሠራችው የት ናት?»

«ካርቱም።»

«እንግዲያ ካርቱም ሂጃ።»

«ካርቱም እኮ ጦርነት ነው!»

«እንዲያ ከሆነ ስልክሽን ክተቺና እጅሽን አምጪ።»

ልጅቷ ስቃ ተቀመጠች። ሲያልቅ ፎቶ ማንሣት ግን ክልክል ነበር። «ዛሬ ያነሣሽው ነገ በሌላዋ ስልክ ተመልሶ ይመጣብኛል» ትላለች።

ባለፈው ክረምት፣ መንገዱ ሁሉ ጥቁር ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ወባ ያዛት። ትኩሳቱ እየለቀቀ እየተመለሰ ሲያታልለን ከርሞ ወሰዳት። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። የሂና ዱቄት የምትነፋበት ሻሽና የምታቦካበት ሳሕን ቀሩ። ከሥራዋ ግን አንድም የለም። የሣለችባቸው እጆች ሁሉ ታጥበዋል።

ታናሽ እህቷ የታጨችው እሷ ሳትሞት ነበር። በሐዘኑ ምክንያት ሲገፋ የቆየው ሰርግ ሲደርስ፣ ልጅቷ ሌላ ሐናና አልቀበልም አለች። እዚህ ያደገች ስለሆነች ስትናደድ ዐረብኛ ይቀድማታል።

«ኸላስ፣ በቃ! የእሷ ዓይነት ካልሆነ ባዶ እጄን አገባለሁ።»

በዚህ አገር ባዶ እጅ የሐዘንተኛ እጅ ነው። የሙሽራው እናት ዶካ የሚኖሩ የጎንደር ሰው ናቸው፤ በረሃቡ ጊዜ መጥተው ከሱዳን በላይ ሱዳን የሆኑ፣ ሁሉም «ሐጃ» የሚላቸው። ይህን ሲሰሙ «በሐዘን እጅ ቤቴ የምትገባ ሙሽራ የለችኝም» ብለው ላኩ። ሴትዮዋ የተናገሩትን እንደማይመልሱ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷም የማን እህት እንደሆነች እናውቃለን።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠርቼ መብላት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ምናልባት ከዚያ የመጣ ይሆናል፣ ነገር በግምት ሲነገረኝ አላርፍም። ስለዚህ እጃቸውን የሠራችላቸውን ሴቶች እየፈለግሁ እጠይቅ ጀመር፤ አንዷ እንኳ ካስታወሰች ሥዕሉን ማስመሰል ይቻላል ብዬ። ግቢያችን በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት፣ ነፋስ ያጎነበሰው ማሽላ ነበር አለችኝ። አንዲት አስተማሪ ደግሞ፣ መንገድ ነው፣ ብዙ መንገድ፣ አለች። ሦስተኛዋ ጎርፍ የሄደበት መሬት ይመስል ነበር ብላ በጣቷ አየር ላይ ልታሳየኝ ሞከረች፤ መሐል ላይ ጠፋባት።

የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማመላለሷ።

«ሌላዋ ሐናና አንዴ ቁጭ ካለች ትጨርሳለች!» አለች ሻይ ሻጯ። «ያቺ ጉደኛ ግን መጀመሪያ ጣት ጣቴን ለውሳ፣ በጨርቅ አሥራ ‹ነገ ነይ› ትለኛለች። ጣት እኮ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀባ!»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ጣትን ለውሶ ማሠርማ የእኛው አገር እንሶስላ ነው። እንሶስላ ሥዕል የለውም፤ ተወቅጦ በጣት ላይ ይታሠራል፣ ሲነጋ ይፈታል፣ አለቀ። እሷ ግን እሱ የሚያልቅበት ላይ ትጀምራለች። ለምን?

በራሴ ጣቶች ሞከርኩት። ሲፈታ ቀለሙ ያበቃበት ጠርዝ እንደ ቀለበት የተስተካከለ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ጨርቁ በላላበት ወደ ላይ ወጥቷል፤ ቆዳዬ በደነደነበት ወደኋላ ሸሽቷል፤ የቢላ ጠባሳ ያለበትን ዞሮ አልፏል። በቀጣዩ ጣት ደግሞ ሌላ መልክ ነው። ወደ መዳፌ ሊወርድ የፈለገ መስመር ጅምሩ ይታያል። ልጅቷን ጠርቼ ጣቴን አሳየኋት።

«እህትሽ ጨርቁን ስትፈታ ምን ታደርግ ነበር?»

«ምንም። ዝም ብላ ታያለች፣ እታለም። ረጅም ጊዜ። እኔ የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር።»

ለካ የምትሥለው ይህን ጠርዝ እየተከተለች ነው፤ ልድገም ብትልም አትችልም ነበር። ሁለት እጅ አንድ ዓይነት ጠርዝ አያወጣም። ግትርነት ነው ያልነው የአሠራሯ ጉዳይ ኖሯል። ወይም ግትር ስለሆነች ነው እንዲህ ያለውን አሠራር የመረጠችው፤ የትኛው እንደሚቀድም እስካሁን አላወቅሁም።

የልጅቷን ጣቶች ለውሰን አሠርን። በማግሥቱ ስንፈታ ሂናውን ለመሣል እኔ ያዝኩት፤ እጄ ግን ካልተሰመረ ወረቀት ላይ እንኳ አይጽፍም። ልጅቷ ነጠቀችኝ። ግራ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ከትንሿ ጣት ጠርዝ ጀምራ አንድ መስመር ወደ አንጓዋ ጎተተች።

እጇን በዓይናቸው ሊያዩ ከዶካ የመጡት የሙሽራው እናት ሲገቡ ግራ እጇ አልቆ ነበር። ተቀምጠው እጇን ተቀበሉ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«የቀኙስ?»

«ለቀኙ የሚሠራ እጅ አጣሁለት፣ ሐጃ።»

ቀኟን አነሡት። ጣቶቹ ብቻ ቀልተው፣ ሌላው ባዶ ነው። እያንዳንዱን ጣት በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ።

«እንሶስላ» አሉ፤ ዐረብኛ ሲቀላቅሉ የኖሩት ሴትዮ ድምፃቸው የጎንደር ሆነ። «እኔም የተዳርኩት እንዲህ ሆኜ ነው።»

ከዚያ ወደ ግራው ተመለሱና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ይኼኛው ጠማማ ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው እጇን አልለቀቁም።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አሉኝ። «የሰሊጥ ዘይት አምጪና ይቀባ፣ ቀለሙ ሳይፈዝባት።»