በጉም ውስጥ የሚዋኝ ሻርክ

ልጅ ሳለሁ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ባሕሩ ግን በየክረምቱ እየወጣ እደጃችን ይደርስ ነበር። ሳቁ እንጂ፣ እኔ ያኔ የምሬን ነው። የመንዝን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ጠዋት ገደሉን ሞልቶ ይተኛና ከሰዓት በኋላ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማሳውን ይውጣል፣ አጥሩን ይውጣል፣ መጨረሻ ላይ የገዛ እጅሽን ያሳጣሻል። «ባሕር ምን ይመስላል?» ብንላቸው ወደ ገደሉ እያመለከቱ «ይኸው ይሄን፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አታዩም» ያሉን አጎቴ አያ ደምሴ ናቸው።

አያ ደምሴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ ምጽዋ በመርከብ ወታደርነት ኖረው አንድ ሻንጣና አንድ ረጅም የመርከብ ገመድ ይዘው የተመለሱ። ማታ ማታ እናቴ የበግ ጠጉር ስትፈትል፣ የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ እሳቸው ኩራዙን ጠጋ አድርገው በጭራሮ አመዱ ላይ ሻርክ የሚሉትን ሰው በላ ትልቅ ዓሣ ይስሉልን ነበር። ክንፎቹን ረጃጅም፣ ጫፋቸውን ድቡልቡል ያደርጉና፣ ጫፉ ነጭ መሆኑን ለማሳየት ጨው ነስነስ ያደርጉበታል።

«ደምሴ! ጨዉን ለዓሣ አታብላብኝ!» ትጮሃለች እናቴ።

«ይሄ ዳር አይወድም» ይላሉ እሳቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤቱ መሬት የማይታይበት ጥልቁ ላይ ነው። እዚያ ምግብ የለም፣ የውኃ በረሃ ነው፤ ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ ሳይመረምር አያልፍም። መርከብ ሲያይ ይከተላል። አይቸኩልም። ይዞራል፣ እየጠበበ ይዞራል።» ባለ ሸንተረር ትንንሽ ዓሦች እንደ አጃቢ አብረውት ይሄዳሉ። የሚተነፍሰው ሲዋኝ ብቻ ነውና ቆሞ አያርፍም፤ ከቆመ ይሞታል። እንቁላል አይጥልም፤ እንደ በግ በሆዱ ተሸክሞ ይወልዳል። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነበር፤ እንደ በግ የሚወልድ ነገር እኛ አገር የማይኖርበት ምን ምክንያት አለው?

«ቢመጣብንስ?» አልኳቸው አንድ ማታ።

«እንዳትሮጪ። ጀርባሽን እንዳትሰጪው። ዓይን ዓይኑን እያየሽ ቁሚ።» ከዚያ ከመርከብ ስለወደቀ አንድ ጓደኛቸው ይጀምሩና ያቋርጡታል፤ ጨርሰውት አያውቁም። ጉም ሲወጣም በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ጎረቤቱ ሁሉ «ጉም የሚፈራ ወታደር!» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

አንድ የነሐሴ ቀን እናቴ እርሾ እንዳመጣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ከክርስትና እናቴ ቤት ላከችኝ። ታናሽ እህቴን ጥሩን አዝያታለሁ። ስመለስ ጉሙ መጣ፤ መንገዱ ጠፋኝ። ወዲያ ወዲህ ስል ከፊቴ አንድ ግራጫ ነገር ከነጭ ጫፉ ብቅ አለና ጠፋ። በግራ ብቅ ይላል፣ በቀኝ ይጠፋል፣ እንደገና በግራ። ይዞራል። እስትንፋሱ ሁሉ ይሰማኛል። ሽንቴ በእግሬ ወረደ፤ ምን ልዋሽ? ጥሩ ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች፣ እግሬ ዞረሽ ሩጪ ሩጪ ይለኛል፣ የአያ ደምሴ ቃል ግን ቁሚ ይለኛል። ቆምኩ። ዓይኔ እስኪያነባ አፍጥጬ ቆምኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ድንገት ከጉሙ ውስጥ «ብዙዬ! ካለሽበት እንዳትነቃነቂ! ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ!» የሚል ሰማሁ።

«አያ ደምሴ! ሻርኩ አለ!»

«እያየሽው ነው?»

«አዎ!»

«ጎሽ! ዓይንሽን እንዳትነቅዪ፣ መጣሁ!»

አልሳቁብኝም። የመርከቡን ገመድ አንዱን ጫፍ ከቤታችን ምሰሶ አስረው፣ አልበቃ ሲላቸው የበሬ ጠፍርና የአህያ መጫኛ ቀጥለውበት፣ ሌላውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ነው የመጡት። እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። ገመዱን እየተከተልን ቤት ገባን።

በማግስቱ ጉሙ ሲገለጥ ሄደን አየን። ሻርኩ የጎረቤታችን አህያ ኖሯል! ካስማ ላይ ታስሮ፣ ያን ነጭ አፍንጫውን ይዞ፣ ካስማውን ሲዞር የዋለ። እኔ በሳቅ ልፈነዳ ስል አያ ደምሴ ክንዴን ያዙና ጭቃው ላይ የቀረውን የእግሬን ዱካ አሳዩኝ። ከተረከዜ በስተኋላ አንድ ክንድ የምትሆን መሬት ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ገደሉ። «ዞረሽ ሮጠሽ ቢሆን…» አሉና ይሄንንም ሳይጨርሱት ቀሩ።

በቀደም የእህቴ የጥሩ ልጅ «እትዬ፣ ያ ሻርክሽ ይኸውልሽ!» ብላ በስልኳ አሳየችኝ። ነጫጭ ጫፎቹ፣ ባለ ሸንተረሮቹ አጃቢዎቹ፣ ያ አለመቸኮሉ፤ ሁሉም አያ ደምሴ እንዳሉት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ላብ አጠመቀኝ። «አሁን እኮ ሊያልቅ ነው» አለችኝ። «ክንፉን ለሾርባ እየቆረጡ ጨረሱት፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አይወልድም።» የፈራሁትን ያህል አዘንኩለት። ያን ቀን እናቷን ጀርባዬ ላይ በሕይወት ያቆየልኝ እሱን መፍራቴ አይደል?

አያ ደምሴ ካረፉ ቆዩ። ጉም የማይፈራው ጎረቤት ሁሉ በዚያ ቀን ቤቱ ቁጭ ብሎ እሳት ይሞቅ ነበር፤ ጉሙ ውስጥ የገቡት ጉም የሚፈሩት ሰውዬ ናቸው። ገመዳቸው ዛሬ እኔ ቤት ነው። ጉሙ ሲወጣ ከተሰቀለበት አወርደውና በሩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጉሙ ሳይገለጥ ግን ገመዱን አልሰቅለውም።