የሚመዝን እጅ

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሚስማር ይለው ነበር። ሶፋ አዳሽ ነው። ሲሠራ ጥቃቅኑን ሚስማር በከንፈሮቹ መሃል ደርድሮ ይይዝና አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። አፉ ሚስማር በያዘ ሰዓት ማንም ምን ቢጠይቀው መልስ የለም።

"ሚስማር የሚጎርሰው ለሥራ ብቻ እንዳይመስልህ" ትለኝ ነበር ሚስቱ እየሳቀች። "መልስ ሲያጥረውም ነው።"

ጥንቸሎቹ የእሷ ነበሩ፤ አራት ናቸው። ከአሮጌ ሶፋ አጽም ላይ ሽቦ ወጥሮ ቤት የሠራላቸው እሱ ቢሆንም፣ ስም ያወጣችላቸውም ጎመን የምታበላቸውም እሷ ናት። አንዲት ልጃቸው አግብታ ከወጣች በኋላ የቤቱ ጭርታ ሲከብዳት ያመጣቻቸው ናቸው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሚስቱን ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ልጃቸው መጥታ "እኔ ጋ ትገባላችሁ፤ አለቀ" አለች። እሷ የምትኖርበት ሕንፃ ግን እንስሳ አያስገባም።

ሚስቱ አልተከራከረችም። ከተኛችበት ሆና አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችው።

"ለሚያርዳቸው ሰው እንዳትሰጥብኝ።"

"በምን አውቀዋለሁ?"

"አንዷን አስይዘው። ከፍ ዝቅ እያደረገ በእጁ ከመዘናት፣ መልሰህ ተቀበለው። ደረቱ ላይ ካስጠጋት ስጠው።"

አባቷ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። የገዢ እጅ ምን እንደሚያደርግ እያየች ነው ያደገችው። አጎቴም ቃሏን እንደ ሕግ ያዘ።

መጀመሪያ ጎረቤቱ ጫማ ሰሪው መጣ። አንዷን ጥንቸል ገና እንዳነሳት ከፍ ዝቅ አደረጋትና "ይቺማ በግ ናት!" አለ። አጎቴ ከእጁ ወሰዳት።

"ምነው ጋሼ፣ ቀለድኩ እኮ!"

"እኔም እየቀለድኩ ነው የወሰድኩብህ።"

ቀጥሎ ጥግ ላይ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ መጣች። ግራጫዋን፣ አመዲትን፣ ስታነሳት እጇ በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ።

"አምጫት" አለ አጎቴ።

"ምን አደረግሁ?"

"መዘንሻት።"

"ኧረ ጋሼ! ስንት ዘመን ድንችና ሽንኩርት የመዘነ እጅ ነው እኮ። የልጅ ልጄንም እንዲሁ ነው የማነሳው። እሱንም ልበላው ነው?"

እውነቷን እንደሆነ ልቡ ያውቃል። አደራ ግን አደራ ነው ብሎ ወሰዳት። ሴትዮዋ ሽርጧን አራግፋ "ደግሞ ሰው በእጁ ይፈረድበት ጀመር!" እያለች ወጣች።

በማግስቱ ያሳደሳቸውን ወንበሮች ሊወስድ የመጣ ባለ ክራቫት ደንበኛ ጥንቸሎቹን አየ። ነጯን፣ ጥጤን፣ አንስቶ ደረቱ ላይ አስጠጋት። "የኔ ቆንጆ" ብሎም ጆሮዋን ሳማት። አጎቴ ጥጤን ከነወንድሟ ሰጠው።

ማታ ሚስቱ "እንዴት ያዛት?" ስትለው፣ "እንደ ሕፃን" አላት። ከታመመች ወዲህ ያን ቀን የመሰለ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ተረስቶ የቀረ ትራስ ሊያደርስ ሰውየው ቤት ሄደ። ትራሱ ሰበብ ነው። ኪሱ ውስጥ ካሮት ይዞ ነበር። የሰውየው ሚስት በሩን ከፈተችለት።

"ጥንቸሎቹ እንዴት ሆኑ?"

"ኧረ እግዜር ይስጥልን አባባ! እንግዶቻችን አንስተው አልጠገቡም። ሥጋቸው አፍ ላይ ሟሟ ነው የሚለው።"

ከኋላዋ፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ ከልጆች ካልሲ አጠገብ አንድ ነጭ ቆዳ በመቆንጠጫ ተይዞ ይደርቅ ነበር። ሰውየው አልዋሸውም። አጎቴ ለምን እንደሚፈልጋቸው አልጠየቀውማ። የጠየቀው እጁን ብቻ ነው።

ትራሱን አስረክቦ ተመለሰ። የቀሩትን ሁለቱን በካርቶን ይዞ በቀጥታ ወደ አትክልት ሻጯ ሄደ።

"ዛሬ ሕጉ ተሻረ?" አለችው። ቀና ብላ ፊቱን ስታይ ግን ቀልዱን ተወችው። አመዲትን አወጣቻት፤ እጇ ከፍ ዝቅ አለ።

"ከስታለች" አለች። "እትዬ ከተኙ ወዲህ ማነው የሚያበላት?" መልሱን ሳትጠብቅ ከመደቡ ላይ የጎመን ቅጠል ገንጥላ ሰጠቻት።

ይህን ሁሉ አጎቴ ያጫወተኝ ሚስቱ ካረፈች በኋላ ነው። የመጨረሻውን ግን እሷ በሕይወት ሳለች እዚያው ስለነበርኩ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጃቸው ቤት ገብተዋል፤ እሱ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ የወጥ ቤቱን በርጩማ ያድሳል።

"አመዲትስ?" አለችው።

"አትክልት ሻጯ ጋ።"

"አልመዘነቻትም?"

"መዘነቻት። ከስታለች አለችኝ።"

በሚታዘዝላት ግማሽ ከንፈሯ ሳቀች። "ደግ አደረግክ። ጥጤስ? ሄደህ አየሃት?"

አጎቴ እጁን ወደ ሚስማሩ ቆርቆሮ ሰደደ፤ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከንፈሮቹ መሃል ደረደራቸው። መዶሻውን አነሳ።

በርጩማው ግን ታድሶ አልቆ ነበር። እሷም አየችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሁለተኛም ስለ ጥጤ አልጠየቀችውም።