የቀቀልኩት መስሚያ

ሱዳን ውስጥ፣ በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ጤና ጣቢያ ጽዳት እሠራለሁ። ያ ክረምት ኮሌራ የገባበት ነበር፤ ያልፈላ ነገር ለማንም አናስነካም። እኛ ዘንድ እትብት የሚቆረጥበት ምላጭና የሚታሰርበት ክር ይቀቀላል። ከእናቴ የተማርኩት ነው። አዋላጇ የፅንስ ልብ የምታዳምጥበትን መሣሪያ ጫፍም እንዲሁ ቀቀልኩት። ብረት የለበሰ ስለሆነ አልፈራሁም፤ እንዲደርቅ ብዬ የከሰል ምድጃው ላይ ቆርቆሮ ጣል አድርጌ አስቀመጥኩት። ማንም አላዘዘኝም።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ መጣች። ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች።

"እማ፣ ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።"

አዋላጇ ቅባት ቀብታ ጫፉን ሆዷ ላይ አደረገችው። ድምፅ የለም። ወዲህ ወዲያ አለችው። የለም። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ "እመብርሃን፣ እመብርሃን" አልኩ።

"ቆይ" አለች አዋላጇ። ተራ የምትጠብቅ ሌላ ነፍሰ ጡር ጠርታ ሞከረችው። እሷም ጋ የለም።

"የኔ እኮ አሁን እየረገጠኝ ነው!" አለች ሴትዮዋ ተቆጥታ። "መሣሪያችሁ ነው የሞተው!"

ያን ጊዜ ተናገርኩ።

"እኔ ነኝ። ቀቅዬዋለሁ።"

አዋላጇ አልሰደበችኝም። ከመሳቢያ በጆሮ የሚያዳምጡበትን የእንጨት ቀንድ አውጥታ ልጄ ሆድ ላይ ተከለችና ጆሮዋን አስደገፈችበት። ግቢው ውስጥ ሕፃናት ይጮሃሉ።

"ዝም አሰኚልኝ!"

ወጥቼ ለመንኳቸው። ስመለስ "አለ፤ ግን ደካማ ነው" አለች።

ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ በጭቃ ተዘግቶ ነበር። ሁለት ቀን ጠበቅን። እጇን ከመያዝ ሌላ ምንም ላደርግላት አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ወለደች፤ ትንሽ ነው፣ ግን አለቀሰ። ተመስገን።

መንገዱ ሲደርቅ ከገዳሪፍ መሣሪያ ጠጋኝ መጣ፤ ሱዳን ያደገ የጎንደር ልጅ። ጫፉን ከፍቶ ሳንቲም የሚያህል ነጭ ሸክላ አሳየኝ።

"ኻልቲ" አለኝ፣ በዐረብኛ አክስቴ ማለቱ ነው፤ "ይሄ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይርገበገባል፤ ድምፅ ሲያርገበግበው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ፋብሪካ ሲሠራ ውስጡን በኃይለኛ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ አሰልፈውታል። ሙቀት ጥቂት ቢነካው ይመለሳል። ሙቀቱ እንደ ከሰል እሳት ከልኩ ካለፈ ግን ሰልፉ ይፈርሳል።"

"ስንጥቅ እንኳ የለውም።"

"የለውም። ብቻ አይሰማም።"

"ከቀዘቀዘ በኋላስ?"

"ኻላስ፣ አብቅቷል፣ ኻልቲ። ቀዝቅዞም አይመለስም።"

ሌላ መሣሪያ እስካሁን አልመጣም። አዋላጇ በቀንዱ ስታዳምጥ እኔ በር ላይ ቆሜ ግቢውን ዝም አሰኛለሁ። ተራ የሚጠብቁት እናቶች ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እኔም እንደነሱ የአዋላጇን ፊት አያለሁ።